ጉም ማደሪያ ላይ ያልነደደው እሳት

አድማሴ ሲገኝ ፊሽካው ከጥርሱ መሃል አልወጣም ነበር።

ጀርባውን ለድንጋይ ካቡ ሰጥቶ ተቀምጧል። ጋቢው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጠጥቶ፣ ኋላም ውርጭ መትቶት፣ እንደ ቁርበት ደርቋል። ከፊቱ የተዘጋጀ እንጨት አለ፤ ከሥር ጥጥ፣ ከጥጡ በላይ እንደ ፀጉር የተሰነጠቀ የአስታ ዛፍ ጭራሮ፣ ከዚያም የጣት፣ ከዚያም የክንድ ውፍረት ያለው ፍልጥ። ዕድሜውን ሙሉ ዝናብና ንፋስ ውስጥ እሳት ሲያያይዝ የኖረ ሰው አደራደር ነው። ካቡ ስለከለለው ጥጡ እንኳ አልረጠበም። አንዲት ፍንጣሪ ብታርፍበት ይንቦገቦግ ነበር።

ኢንስፔክተር ዙሌይካ ሷሊሕ በርከክ ብላ ይህን ስታይ ተናደደች። ከደባርቅ ወዲህ በመኪና፣ ኋላም በበቅሎ ስትመጣ መንገዱን ሁሉ የሰማችው አንድ ነገር ነው፤ «ብርድ ነው የገደለው። ቀኑ ደርሶ ነው።» ዙሌይካ ጎንደር ከተማ፣ ነጋዴ ቤት ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። አባቷ የተበላሸ ዕቃ ይዞ ለተመለሰ ደንበኛ «ዕድልህ ነው» ብሎ አያውቅም፤ ማን እንደሠራው፣ በማን እጅ እንዳለፈ ይጠይቅ ነበር። እሷም «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚባል ነገር አይዋጥላትም። ቀን ብቻውን ሰው አይገድልም።

የሟቹን እጅ ገለጠች። የቀኝ እጁ የጣት አንጓዎች ተልጠው ደም ደርቆባቸዋል። መዳፉ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ብረት አለ፤ ቀይ የቆዳ ማሰሪያ ታስሮበታል። በግራ እጁ ካራ ጨብጧል። ብረቱ በካራው ጀርባ ከመፋቁ ብዛት ጥቁሩ ተገፎ ነጩ ያብለጨልጫል። የቀኝ እግሩ ጫማ ተፈትቷል፤ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ቅል አክሏል።

«እንጨት ሲለቅም ወድቆ ይሆናል» አለች። «መሄድ ሲያቅተው ፊሽካውን ነፋ። ማንም አልመጣም።»

ከኋላዋ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ልዑልቃልና እፀገነት እንደ አድማሴ የተራራ አስጎብኚዎች ናቸው፤ ሦስተኛው፣ ከጭልጋ የመጣው ሸበቶ እንግዳው፣ የጉዞው ምግብ አብሳይ ነው። ሁሉም ጽሕፈት ቤቱ ጎንደር ማራኪ የሆነው «ጭላዳ» የተባለ ማኅበር አባላት ናቸው። ባለፈው ክረምት አንድ የጉዞ ቡድን እሳት አጥቶ ለጥቂት ከሞት ስለተረፈ፣ ማኅበሩ አስጎብኚ ሁሉ አንድ ዓይነት አስተማማኝ እሳት ማስነሻ እንዲይዝ ወሰነ። የቱ ይሁን ሲባል ግን ጠብ ሆነ። ልዑልቃል ላይተር አለ። እፀገነት በብልቃጥ የታሸገ ክብሪት አለች። የሁሉም አሠልጣኝ የነበረው አድማሴ ደግሞ፣ «ላይተር ብርድ ይፈራል፣ ክብሪት እርጥበት ይፈራል፤ ብረት ምንም አይፈራም» ብሎ፣ በካራ ሲፋቅ ፍንጣሪ በሚተፋው የእሳት መጫሪያ ብረቱ ጸና።

ክርክሩ በቃል አልበርድ ስላለ ተራራው ይፍረድ ተባለ። ሦስቱ ጉም ማደሪያ በሚባለው ተራራ ላይ ባሉት ሦስት የእረኛ ካቦች ለየብቻቸው ሊያድሩ፣ እያንዳንዱም የመረጠውን ማስነሻ ብቻ ሊይዝ ተስማሙ። እሳት እምቢ ያለው ፊሽካ ይነፋል፤ የሰማ ይደርስለታል። አብሳዩ ከታች ሜዳው ላይ ድንኳን ተክሎ ይጠብቃል። ውሉ ይኸው ነበር።

ዙሌይካ አስከሬኑን አስነስታ፣ ድንኳኑ ውስጥ ልዑልቃልን ለብቻው አስቀመጠችው። ረዥም፣ ንግግር የሚያውቅ ወጣት ነው። አዲስ ሰማያዊ ጃኬት ለብሷል።

«ሌላ እሳት አይያዝ ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሳይሸሽግ። «ፈተናው ፈተና እንዲሆን ብዬ ነው። ከምሳ በኋላ ኪሳችንን አራግፈን፣ የያዝነውን ሁሉ ድንጋይ ላይ ደርድረን ተፈታተሽን። አያ አድማሴም ፈቅደው ነበር።»

«ሌሊቱንስ እንዴት አደርክ?»

«ላይተሬ ወዲያው ያዘልኝ፤ ሞቆኝ ተኛሁ። ንፋሱ እንኳን ፊሽካ መድፍም አያሰማ።» ከዚያ ጨመረ። «ኢንስፔክተር፣ እኔን ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው። ቁስቋም ቤታቸው ነው የኖርኩት፣ እንደ ልጅ። ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ ግትር ነበሩ። በዘመኑ ዕቃ ቢጠቀሙ ይኼ አይደርስባቸውም ነበር።»

ይህን ሲል የግራ እጅጌውን በቀኝ መዳፉ ይጠራርግ ነበር። ሰማያዊው ጨርቅ ላይ፣ ከእጅ አንጓው ከፍ ብሎ፣ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ አለ። አልለቅ ሲለው ተወው።

ዙሌይካ ላይተሩን ጠየቀችው። በጣት የሚሽከረከር ጥርስ ኖሮት ፍንጣሪ የሚረጭ ዓይነት አይደለም፤ ቁልፉን ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚበራ ነው። ኪሷ ከተተችው።

እፀገነት ስትገባ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ ቁጣዋ ግን ከእንባዋ ይበልጣል።

«ተጣልተን ነበር፤ ሰው ሳይነግርዎ እኔው ልንገርዎ። ‹በዚያ ብረትዎ ደርቀው ይቀራሉ› ብያቸዋለሁ። ምነው አፌን በቆረጠው! ረዥም ጉዞ ሴት አትመራም ስላሉኝ ነው የተናደድኩት።»

«ፊሽካ አልሰማሽም?»

«ብሰማ ዝም የምል እመስላለሁ?» ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የኔ ካብ ከጉብታው ወዲያ ነው። ንፋሱም ከኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ ልዑልቃል ነበር። የኔ ጩኸት ወደነሱ ይሄዳል እንጂ የነሱ ወደኔ አይመጣም። እኔስ ክብሪት በክብሪት ላይ ፈጅቼ ነው የያዘልኝ። በዚያ ብርድ ላይተር እንዴት ወዲያው እንደያዘ እግዜር ይወቅ።»

«ስትፈታተሹ ማን ማን ነበራችሁ?»

«ሦስታችን ነን። አያ እንግዳው ምንጩ ድረስ ወርዶ ዕቃ ያጥብ ነበር።»

እንግዳው በመጨረሻ ገባ። ቆቡን አውልቆ እጁ ላይ ያሻል።

«አያ እንግዳው፣ ለምሳ ምድጃውን ማን ለኮሰልዎ?»

«እሳቸው ናቸዋ፣ እሜቴ! በዚያው በብረታቸው። አንዴ ሞዠቅ ቢያደርጉት ፍንጣሪው ተበተነ፤ እኔ ፊቴን ዞርኩ።»

«ሌሎቹስ የት ነበሩ?»

«እፀገነት ውኃ ወርዳለች። ልዑልቃል ከወዲያ ማዶ በሸሚዝ ሆኖ ጭነት ይፈታል። ፀሐይ ነበራ! ያን ሸጋ ጃኬቱን ጉሙ ሲመጣ፣ ወደየካባቸው ሊወጡ ሲሉ ነው ከነላስቲኩ ያወጣው። ሙሽራው እያልን ስቀንበታል።» አብሳዩ ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። «ፊሽካው እኔ ዘንድ ታች ድረስ አልተሰማም። ሌላ ግን አንድ ነገር አለ፤ ሳይጠይቁኝ ልናገር። የድንኳኔ ካስማ አንዱ ካለፈው ጉዞ ወዲህ የለም። ከፌሮ ያስቆረጥኩት ነው፤ ውፍረቱ እሳቸው እጅ ያየሁትን ብረት ያህላል። ደግሞ ከሟቹ ጋር ተቀያይመን ነበር፤ ጋዝ አፈሰስክ ብለው በሰው ፊት ሰድበውኛል። ይኼን ሰምተው እኔኑ ቢይዙኝም ይያዙኝ። ዋሽቼ ግን አላድርም።»

ዙሌይካ ወጥታ ከአድማሴ ካብ እስከ ልዑልቃል ካብ በእግሯ ሄደች። ገደል የለም፤ ሸንተረር የለም። ለጥ ያለ የሣር ሜዳ ነው፤ ጅራፍ ቢጮህ ይሰማል፤ አንካሳ በግ እንኳ ይሻገረዋል። የልዑልቃል ካብ አፉን ወደ አድማሴ መልሶ ተቀምጧል። እሳቱ አፉ ላይ ነድዶ፣ ጥላሸቱ በሙሉ የኋላውን ግድግዳ አጥቁሮታል። ንፋሱ በአፉ ገብቶ ነው ጭሱን ወደ ውስጥ የገፋው። ከምድጃው አጠገብ ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ግራጫ ብናኝ አየች፤ አመድ አይደለም፤ ብረት ሲሞረድ የሚራገፈው ዓይነት ነው። በወረቀት ጠቅልላ ያዘችው። እፀገነት ካብ ውስጥ ግን ከተቃጠለ የክብሪት እንጨት በቀር ምንም አላገኘችም።

ያን ዕለት ደባርቅ አደረች። ላይተሩን ከመስኮቷ ውጪ ድንጋይ ላይ አስቀምጣው ነበር። ሲነጋ ውርጭ ለብሶ አገኘችው። ቁልፉን ተጫነች። ጠቅ አለ። ደግማ ደጋግማ ተጫነች፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ነበልባል የለም። ብብቷ ሥር ይዛው ቁርሷን ከበላች በኋላ ግን አንዴ ስትነካው ቦግ አለ።

«ተራራው ላይ ይህን የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ ሌላውን ኋላ ቀር የሚለው» አለች፤ ጥርሷን ነክሳ።

ጎንደር ስትደርስ በቀጥታ ቅዳሜ ገበያ ወደሚገኘው የጃቢር ሱቅ ሄደች። ጃቢር የተራራ ጉዞ ዕቃ የሚሸጥ፣ አባቷን የሚያውቅ ሽማግሌ ነው። የአድማሴንም ብረት ከዓመታት በፊት የሸጠለት እሱ ነው። ከሟቹ እጅ የወጣውን ብረት ስታቀብለው በጥፍሩ ፋቀው፤ መነጽሩን አነሣ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ዙሌይካ ልጄ፣ ይኼ እኮ ፌሮ ነው! ቤት የሚሠራበት ፌሮ፤ ቆርጠው ጥቁር ቀለም ቀብተውታል። የእሳቱ ብረት ሌላ ነው። ቢረጥብ፣ ቢበርድ፣ ውኃ ውስጥ ቢያድር ፍንጣሪ ይተፋል። ይኼን ግን ዕድሜ ልክሽን ብትፍቂው ምን ይሰጥሻል?»

«ማሰሪያውስ?»

«ማሰሪያው የሱው ነው።» ጃቢር ቆዳውን ፈታ አደረገው። ቀዩ ቀለም በሁሉም ቦታ ደብዝዟል፤ ከድሮው ቋጠሮ ሥር የነበረችው አንዲት ጣት የምታህል ቦታ ግን እንደ አዲስ ደምቃ ቀርታለች፤ አሁን ከቋጠሮው ውጪ ናት። «ከሌላ ብረት ላይ ፈትተው ነው እዚህ ያሠሩት። የቅርብ ጊዜ ነው።»

«ጋሼ ጃቢር፣ አንዱን እውነተኛ ብረት አውጥተው እዚህ ላይ ይጫሩልኝ።» ከቦርሳዋ የተቀደደ የጃንጥላ ጨርቅ አወጣች።

ሽማግሌው በካራ ጀርባ ሞዠቅ አደረገው። ነጭ ፍንጣሪ ጨርቁ ላይ ዘነበ። ጠረጴዛው ላይ ግራጫ ብናኝ ቀረ። ዙሌይካ ጨርቁን ወደ ብርሃን አነሣችው፤ በመርፌ የተወጋ በሚመስሉ፣ ጠርዛቸው ቀልጦ በጠቆረ ቀዳዳዎች ተነድፏል።

«አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ሰማያዊ ጃኬት ለልዑልቃል ሸጠዋል?»

«ተራራ ሊወጡ ሲሉ፣ በዋዜማው። እንዳይቆሽሽበት ሳይፈታው ነው ይዞት የሄደው።»

አድማሴ ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ማራኪ፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተሰበሰቡ። ልዑልቃል፣ እፀገነት፣ እንግዳው፣ ጃቢር፤ በሩ አጠገብ ሁለት ፖሊሶች። የሟቹ ሚስት ለተ ማርያም አትምጪ ብትባልም መጥታለች፤ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ልዑልቃል ያንኑ ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ ሲገባ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

ዙሌይካ አልተቀመጠችም።

«አድማሴን የገደለው ብርድ ነው የሚል ካለ አሁን ይናገር» አለች። «ማንም? ሸጋ። እንግዲያው እኔ ልናገር።» ፌሮውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው፤ ሰዎቹ ደነገጡ። «ሌሊቱን ሙሉ የፋቀው ይኼን ነው። ጣቱ እስኪላጥ። ከምሳ በፊት ግን ብረቱ ይሠራ ነበር፤ አያ እንግዳው ምድጃው ሲለኮስ በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ብረቱ የተቀየረው ሱቅ ውስጥ አይደለም፤ ጋሼ ጃቢር ከዚህ ነገር ነጻ ናቸው። የተቀየረው ከምሳ በኋላ፣ ኪሳችሁን አራግፋችሁ ዕቃችሁን ድንጋይ ላይ ስትደረድሩ ነው።»

«ፌሮው ከእንግዳው ካስማ ነው ይባላል» አለ ልዑልቃል በዝግታ።

«ማን አለ?» ዙሌይካ ፊቷን መለሰችለት። «አያ እንግዳው ለኔ ብቻ ነው የነገሩኝ። አንተ ከየት ሰማህ?»

ልዑልቃል ከንፈሩን ላሰ። «ያው... ካስማ መጥፋቱን ጉዞ ላይ ሲያወራ...»

«ካስማ ጠፋ ብለው አውርተው ይሆናል። ይህ ፌሮ ያ ካስማ መሆኑን ግን እኔም ገና አልተናገርኩም። ደህና፤ እንቀጥል። ፍተሻው ሲደረግ እሳቸው ምንጭ ወርደው ነበር። የቀራችሁት ሁለት ናችሁ፤ አንተና እፀገነት። ከሁለት አንዳችሁ እውነተኛውን ብረት ይዛችሁ ወደ ካባችሁ ወጥታችኋል።»

እፀገነት ብድግ ልትል ስትል ዙሌይካ በእጇ ከለከለቻት።

«ተቀመጪ። አንቺ ክብሪት ፈጅተሻል፤ እንጨቶቹን አይቻቸዋለሁ። ልዑልቃል፣ ያንተ ላይተር ግን ውርጭ ሲመታው ጠቅ ከማለት በቀር አያውቅም። ሞክሬዋለሁ። ብብትህ ውስጥ ይዘኸው ቢሆን ይሠራልህ ነበር፤ ይህን አታውቅም። እሳትህ ግን ነድዷል። በምን?»

«በላይተሬ።»

«የግራ እጅጌህን አሳየን።»

አልተንቀሳቀሰም። አንዱ ፖሊስ ቀርቦ ክንዱን አነሣው። ዙሌይካ የጃንጥላውን ጨርቅ ከጎኑ ዘረጋችው። ሁለቱም ላይ ያው በመርፌ የተወጋ የሚመስል የጠቆረ ቀዳዳ ነው።

«ላይተርህ ፍንጣሪ አይረጭም፤ ክብሪትም እንዲህ አያደርግም። የእሳት ብረት ነው። ለምሳ ምድጃው ሲለኮስ በሸሚዝ ነበርክ፤ ጃኬቱ በላስቲኩ ውስጥ ነበር። ስለዚህ እነዚህ ቀዳዳዎች የተበሱት ከዚያ በኋላ፣ ካብህ ውስጥ ነው። ድንጋይህ ላይ የብረቱን ብናኝ አግኝቻለሁ። ያን ቀን ተራራው ላይ የወጣው የእሳት ብረት አንድ ብቻ ነበር፤ የአድማሴ።» ድምጿ እየጎረነነ ሄደ። «የናቅከው ብረት ነው ያተረፈህ! የሰው እሳት ሰርቀህ እየሞቅህ፣ ባለቤቱ ጅራፍ ቢጮህ በሚሰማበት ቦታ ደርቆ ሲቀር ተቀምጠህ አደርክ። ጥላሸትህን አይቻለሁ፤ ንፋሱ ከሱ ወዳንተ ነበር። ሌላው ባይሰማ አንተ ሰምተሃል።»

«አልሰማሁም!» ልዑልቃል ተነሣ። «ብረቱን ቀይሬያለሁ እንበል። ለቀልድ ነው እንበል። በሠልጣኞች ፊት ‹ላይተርህን ለሲጋራህ› እያሉ ሲያዋርዱኝ ኖረዋል፤ አንዴ እሳቸውም ይፈሩ ብዬ ነው እንበል። እግራቸው እንደሚሰበር በምን አውቃለሁ? ተኝቼ ነበር! ተኝቼ የነበረ ሰው ገዳይ ይባላል? ፊሽካ መስማቴን ማን ያረጋግጣል?»

ዙሌይካ አፏን ስትከፍት ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ። ለተ ማርያም ናት። አልጮኸችም። ‹እንጀራ ልጨምርልህ?› ስትለው እንደነበረው አድርጋ ነው የጠራችው።

«ልዑልቃል።»

«አቤት እትዬ።»

«እስከ መቼ ነፋ?»

«እስኪነጋጋ ድረስ» አለ ልዑልቃል።

ያለውን ያወቀው የእፀገነትን ፊት ሲያይ ነው። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ትንሽ ይለምኑኝ ብዬ ነው» አለ። «ትንሽ ብቻ። ከዚያ ችቦ ይዤ ልደርስላቸው ነበር። ብረቱ እምቢ አላቸው፣ ላይተር አዳናቸው እንዲባል። ላይተሩ ደግሞ እምቢ አለኝ። በመሃል ዝናቡ በረታ። ካባራ በኋላም ይነፋሉ። አሁን ብሄድ እስካሁን የት ነበርክ ይሉኛል አልኩ። ኋላ ድምፁ እየቀጠነ መጣ... ብረቱን ጠዋት ገደል ወረወርኩት።»

«ሂድ ያልከው እግርህ ነው እምቢ ያለህ?» አለች ዙሌይካ። ካቴናውን ራሷ አጠለቀችለት። ጥፋተኛ ሲገኝ ሁልጊዜ የምታገኘው ትንሽ ዕረፍት አለ፤ ያን ቀን አልመጣላትም። ዕድሜዋን ሙሉ ቢላና ጥይት የያዘ ገዳይ አይታለች። እጁን አጣጥፎ፣ እሳት እየሞቀ የገደለ ሲገጥማት የመጀመሪያዋ ነው።

ፖሊሶቹ ሊያወጡት ሲሉ ለተ ማርያም በሩ ላይ ቆመች። ልዑልቃል አንገቱን ደፋ፤ ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ። አልመታችውም።

«ቀብር ላይ አቅፈኸኝ ‹ሳይሰቃዩ፣ በእንቅልፋቸው ነው የሄዱት› አልከኝ» አለችው። «እኔም አምኜህ፣ ሌሊት ሌሊት እሷን ቃል ይዤ ነበር የምተኛ። እንግዲህ ለልጆቹ ምን ብዬ ልንገር? አባታችሁ ሲጣራ አደረ፤ ወንድማችሁም ሲሰማው አደረ ልበል?»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና መንገድ ለቀቀችለት።